ሰባት ቁጥር በአንድ ትንፋሽ

እማዋይሽ ኃይለልዑል አንዴ የሰማችውን ቁጥር አትረሳም ነበር። ጅግጅጋ ውስጥ አብሯት ሠርቶ ይህን የማያውቅ ሰው የለም። በአንድ መሥሪያ ቤት የስልክ ማዞሪያ ላይ አሥራ ስድስት ዓመት ስትቀመጥ የስልክ ማውጫ የገለጠችባቸው ቀናት ጥቂት ናቸው። ማዞሪያው በአዲስ መሣሪያ ሲተካ ሥራዋን አጣች፤ ግን ያለ ሥራ ብዙ አልቆየችም። በ2010 ዓ.ም. በደገሀቡር መውጫ በኩል፣ ድርቅ ለመታቸው መንደሮች ውኃ በቦቴ የሚያመላልስ ድርጅት ተከፈተና ጥሪ ተቀባይ አድርጎ ቀጠራት።

ሥራው ሲነገር ቀላል ነው። በየመንደሩ የዝናብ ውኃ የሚጠራቀምበት፣ ቢርካ የሚሉት የሲሚንቶ ገንዳ አለ። በጅላል፣ በደረቁ ወራት፣ ገንዳው ሲጎድል ከመንደሩ የተመረጠ ሰው ይደውላል። የገንዳውን መለያ ቁጥር፣ የቀረውን ውኃ መጠንና የአባወራውን ብዛት ይናገራል። እማዋይሽ ትመዘግባለች፤ ነስራ የምትባል ወጣት ኮምፒዩተር ውስጥ አስገብታ የስምሪት ወረቀት ታወጣለች፤ ሾፌሩ ወረቀቱን ይዞ ይወጣል። በመንደር ስም የማይሠሩት አንድ ስም ያላቸው ሦስት አራት መንደሮች ስላሉ ነው። መለያው ሰባት አኃዝ ሲሆን በየገንዳው ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም ተጽፏል።

አስቸጋሪው ኔትወርኩ ነበር። ደዋዮቹ ስልክ የሚይዝበት ኮረብታ ፈልገው ይወጡና መስመሩ ሳይቆረጥ ለመጨረስ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ያወርዱታል። የጸሐፊ እጅ አይደርስባቸውም። እማዋይሽ ታዲያ እስክሪብቶውን ታስቀምጥና ዓይኗን ጨፈን አድርጋ እስከ መጨረሻው ትሰማለች፤ ከዚያ ትጽፋለች። «ድገሙልኝ» ብላ አታውቅም። ለምን ትበል? በአራት ዓመት ውስጥ የተሳሳተችው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ሁለቱንም ቀኑ ሳይመሽ ራሷ ደርሳባቸው አስተካክላለች።

በ2014 ዓ.ም. ድርቁ ከፋ። የቦቴዎቹ ቁጥር ከስምንት ወደ ሃያ ሁለት ከፍ አለ። የውኃ ማከሚያ ኬሚካልም በካርቶን በካርቶን ተጭኖ መጣ። ፀሐይ የማይገባበትና በቁልፍ የሚዘጋ ክፍል የእማዋይሽ ብቻ ነበር። ስለዚህ ኬሚካሉ ገባ፣ እሷ ወጣች። ጠረጴዛዋንም ትልቁ አዳራሽ ውስጥ ከነስራ አጠገብ አኖሩላት።

አዳራሹ ሾፌሮች ወረቀት የሚጠብቁበት፣ ከወረዳ የመጡ ሰዎች ቁጭ ብለው ተራ የሚይዙበት ቦታ ነው። ሶማሊኛውም አማርኛውም አንዳንዴም ኦሮምኛው ይሰማል። ማንም አይጮኽም። ስለ ጎማ፣ ስለ ኳስ፣ ስለ ልጅ ትምህርት ቤት ሰው እንደሚያወራው ያወራሉ። እማዋይሽ በመጀመሪያው ሳምንት ራሷን አመማት፤ ግን «ሥራ ሥራ ነው» ብላ ዝም አለች። በራሷ ትተማመን ነበር።

በጥር ወር አንድ ማክሰኞ፣ ጠዋት አራት ሰዓት ገደማ፣ ዐዎ ደወለች። ዐዎ ከደገሀቡር መንገድ ወደ ውስጥ የሚገባ መንደር የውኃ ኮሚቴ ሰብሳቢ ናት። ሁለቱ ሴቶች ተያይተው አያውቁም፤ በስልክ ግን አራት ዓመት ተዋውቀዋል። ሁልጊዜ በሶማሊኛ ነው የሚነጋገሩት።

«ዋላሸይ» አለች ዐዎ፤ እህቴ ማለቷ ነው። «አራት ዜሮ አምስት ሁለት ሰባት አንድ ዘጠኝ። ውኃው ከቁርጭምጭሚት በታች ነው። ሰማንያ ሦስት አባወራ።»

መስመሩ ተቆረጠ። እማዋይሽ ጻፈች።

ሐሙስ ጠዋት ዐዎ እንደገና ደወለች። ድምፁ የዐዎ አልመስል አላት።

«ዋላሸይ፣ ረሳሽን? ቦቴው የታለ?»

«ማክሰኞውኑ ወጥቷል እኮ!»

«እዚህ የመጣ ነገር የለም። ሕዝቡ ከአሮጌው ገንዳ አረንጓዴውን ውኃ እየቀዳ ነው።»

እማዋይሽ መዝገቧን ገለጠች። በራሷ እጅ፣ በጥሩ ጽሕፈት፣ አራት ዜሮ አምስት ሰባት ሁለት አንድ ዘጠኝ ይላል። ሁለትና ሰባት ቦታ ተለዋውጠዋል። ነስራ ኮምፒዩተሩን አየችና አንገቷን ደፋች። «ይኼ ቱሊ ጉሌድ ወረዳ ያለ መንደር ነው» አለች።

ውኃውን የወሰደው ሾፌር ዩኒስ ነበር። አዳራሹ ውስጥ ወረቀት እየጠበቀ ስለነበር ጠሩት።

«ወረቀቱ ቱሊ ጉሌድ አለ፣ ቱሊ ጉሌድ ሄድኩ» አለ። «ገንዳቸው ውስጥ እስከ ወገብ የሚደርስ ውኃ ነበር። እኔም ገርሞኝ ነበር። ግን ስጡ የተባልኩትን ሰጠሁ፤ ምርቃታቸውንም ተቀብዬ ተመለስኩ።»

በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሌላ ቦቴ ተነሣ። ማታ ላይ ዐዎ መንደር ደረሰ። በዚያ ሁለት ቀን ውስጥ አሥራ አንድ ፍየል ሞቷል፤ ሁለት ሕፃናትም በአረንጓዴው ውኃ ምክንያት ታመዋል። ሕፃናቱ ደገሀቡር ታክመው ተሻላቸው።

ሾፌሮቹ ጥፋቱ የማን እንደሆነ መከራከር ጀምረው ነበር። አንዱ ኮምፒዩተሩን፣ አንዱ ደዋይዋን ይላል። እማዋይሽ ከወንበሯ ተነሣች።

«ዐዎ በትክክል ነው የነገረችኝ» አለች ለሁሉም በሚሰማ ድምፅ። «ነስራም የጻፍኩትን ነው ያስገባችው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

እሷም ተቀመጠችና ወደ ዐዎ ደወለች። ሦስት ጊዜ ሞክራ በአራተኛው ያዘላት። ይቅርታ ጠየቀች።

«ፍየሎቹ ሄደዋል» አለች ዐዎ። «አንቺ ብታለቅሺ አይመለሱም። ከዛሬ ጀምሮ ግን የነገርኩሽን መልሰሽ ሳትነግሪኝ ስልኩን አልዘጋም።»

«መልሼ እነግርሻለሁ» አለች እማዋይሽ። ከማንኛውም ወቀሳ በላይ ያመማት ይህ ነበር። ሰው እንዲደግምላት መጠየቅ፣ ወይም የሰማችውን መልሳ መናገር፣ ለሃያ ዓመት እንደ ውርደት ስትቆጥረው የኖረች ሴት ናት። በዚያው ቀን ለሚደውልላት ሁሉ ማድረግ ጀመረች።

ሥራ አስኪያጁ ዐብዲከሪም ይባላል። ከእማዋይሽ ጋር በአንድ ሰፈር ያደገ፣ በዕድሜም እኩያዋ ነው። በሰው ፊት «እርስዎ» ትለዋለች፤ ብቻቸውን ሲሆኑ «አንተ» ነው። አርብ ዕለት ቢሮው ገብታ በሩን ዘጋች።

«ዐብዲ፣ ወይ ክፍሌን መልስልኝ፣ ወይ ሌላ ፈልግልኝ።»

«ክፍል ከየት አምጥቼ? ኬሚካሉን ፀሐይ ላይ ላውጣው?»

«አዳራሹ ውስጥ ቁጥር አልያዝ እያለኝ ነው። ያ ሁሉ ሰው እያወራ…»

«ትለምጂዋለሽ» አለ ዐብዲከሪም። ለማባበል አልነበረም፤ ከልቡ ያምንበታል። «እኔ ዱግሲ ስማር ስልሳ ልጅ አንድ ዳስ ውስጥ ነበርን። አንዱ መጀመሪያው ላይ፣ አንዱ መሀል፣ አንዱ መጨረሻው ላይ ሆኖ ሁሉም ጮክ ብሎ ይቀራል። እኔ ቁርኣን የያዝኩት እዚያ ውስጥ ነው። መጀመሪያ ሰሞን እብድ ልሆን ነበር፤ በኋላ ግን የሌላው ድምፅ ጨርሶ አይሰማኝም። ጆሮ የሚለምድ ነገር ነው።»

እማዋይሽ አሰበችበት። የቁርኣን ትምህርት ቤቱን፣ የዱግሲውን፣ ድምፅ እሷም ታውቀዋለች፤ ልጅ ሆና በየጠዋቱ በዚያ በኩል ነበር ወደ ትምህርት ቤት የምታልፈው። ከዚያ ዳስ ወጥተው የተማሩትን በቃላቸው የሚያወርዱ ሰዎችም ሞልተዋል። ዐብዲከሪም የሚለው እውነት ሊሆን ይችላል።

«እሺ» አለች። «እለምድ እንደሆነ አራት ሳምንት እሞክረዋለሁ። ግን በግምት አይደለም። እቆጥራለሁ።»

«ቁጠሪ!» አለ እየሳቀ።

ነስራ አዲጋላ ተወልዳ ያደገች፣ ዩኒቨርሲቲ ስታትስቲክስ የተማረች ልጅ ናት። ጉዳዩን ስትሰማ ደስታዋን መደበቅ አልቻለችም። ከተመረቀች ጀምሮ የስምሪት ወረቀት ከማተም ሌላ በትምህርቷ የሠራችው ነገር አልነበረም።

«እትዬ እማዋይሽ፣ በደንብ ከሆነ በደንብ እናድርገው» አለች። «በቀን ሃያ ቁጥር፣ ሁሉም ሰባት ሰባት አኃዝ፤ እኔ ነኝ የማወጣቸው፣ አንቺ አታያቸውም። አሥሩን ጠዋት አዳራሹ ሳይከፈት፣ አሥሩን አራት ሰዓት ላይ ሰው ሲሞላ። ሁለቱንም ከግቢ ሆኜ በስልክ ነው የምነግርሽ፤ እንደ ደዋዮቹ ፈጠን ብዬ። ሰምተሽ አሥር ሰከንድ ትቆዪና ትጽፊያለሽ፤ ልዩነቱ እንዲወጣ ከሥራው ከበድ ይበል።»

ሰኞ ጀመሩ። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ አዳራሹ ባዶ ነው፤ ከውጭ የሚሰማው የአንድ ሁለት ባጃጅ ድምፅ ብቻ ነው። ነስራ ከግቢው ግንብ ጥግ ቆማ ቁጥሮቹን ታወርዳለች፤ እማዋይሽ ትጽፋለች። አራት ሰዓት ላይ ደግሞ ያው ይደገማል፣ ያን ጊዜ ግን ወንበሮቹ ሁሉ ተይዘዋል። ነስራ ውጤቱን ደብተር ላይ ታሰፍራለች። በመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻ፣ በጸጥታው ከሃምሳ ቁጥር አራቱ ተሳስተው ነበር። በወሬው መሀል ከሃምሳው አሥራ ዘጠኙ።

እማዋይሽ ደብተሩን ለረጅም ጊዜ አየችው። «አሥራ ዘጠኝ?»

«አሥራ ዘጠኝ። ደግሞ እይው፣ አኃዞቹ አልጠፉብሽም። አብዛኛው ስህተት የቦታ ነው። አንዱ ከሌላው ጋር ይቀያየርብሻል።»

«እንደ ዐዎ።»

«እንደ ዐዎ» አለች ነስራ።

መሳሳቷን ካወቀች ወዲህ ሥራውም ተጓተተ። መልሳ ሳትነግራቸው መስመሩ የተቆረጠባቸውን «ያልተረጋገጠ» እያለች ለብቻ ትጽፋለች፤ እስኪረጋገጡም ወረቀት አይወጣላቸውም። ቀድሞ በቀን አርባ መንደር ይስተናገድ የነበረው ሃያ ስድስት፣ ሃያ ሰባት ሆነ። ዐብዲከሪም በየቀኑ ማታ ቁጥሩን እያየ ይነጫነጫል። ጥሩ የጆሮ ማዳመጫ አስመጣላት፤ እንዳሰበው አልረዳትም፣ ወሬው በጎን ይገባል። እሷ ግን አቋሟን አልለወጠችም።

«ሃያ ስድስት ትክክል ይሻላል» አለችው። «አርባ ልኬ ሁለቱ መንገድ ሲስቱ አላይም።»

በሁለተኛው ሳምንት መሀል ራስ ምታቱ ለቀቃት። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ድንገት አንድ ነገር ገባት፤ ጠዋቱን ሙሉ የአዳራሹን ወሬ ልብ አላለችውም ነበር። ዩኒስ አጠገቧ ተቀምጦ ስለ ልጁ ሠርግ ግማሽ ሰዓት ሲያወራ አንድም ቃል አልሰማችም።

«ነስራ!» አለች፣ እንደ ልጅ እየሳቀች። «ለመድኩ! ዐብዲ ልክ ነበር። አሁን እኮ አይሰማኝም!»

ነስራም ደስ አላት። ምሳቸውን በልተው ሲመለሱ የዕለቱን ውጤት ለማመሳከር ደብተሩን ከፈተች። ትንሽ ቆየችና እንደገና ቆጠረች።

«ዛሬ ከአሥሩ አራት ተሳስተሻል» አለች ቀስ ብላ። «ትናንትም አራት። የሳምንቱ ካለፈው ጋር አንድ ነው።»

«አይሆንም። ዛሬ በጣም ጥሩ ነበርኩ። ሁሉንም እርግጠኛ ሆኜ ነው የጻፍኩት።»

ነስራ ደብተሩን ወደ እሷ አዞረችው። እማዋይሽ የራሷን ጽሕፈትና የነስራን ዝርዝር ጎን ለጎን አየች። ሦስት ስምንት የነበረው ስምንት ሦስት ሆኗል፤ ዜሮ ከጫፍ ወደ መሀል ገብቷል። ሁሉንም የጻፈችው ሳትጠራጠር ነው። ያን ጊዜ ፈራች። እስካሁን ስትቸገር ቢያንስ መቸገሯን ታውቅ ነበር፤ አሁን ግን እየተሳሳተች ተመችቷታል።

«የለመድኩት ብስጭቱን ነው» አለች። «ስህተቱ እንዳለ ነው።»

ከዚያ በኋላ ወሬው እንደሚያሳስታት ጥርጣሬ አልቀራትም፤ የቀረውን ጊዜ የተጠቀመችበት ምክንያቱን ለማወቅ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት መብራት ጠፍቶ ጀነሬተሩ ከአዳራሹ መስኮት ሥር ሲያጓራ አመሸ። ሾፌሮቹ ሁሉ መንገድ ላይ ነበሩ። ጩኸቱ ጠረጴዛውን ያንቀጠቅጣል፤ እማዋይሽ ግን ነስራ ጨምራ ከሰጠቻት አሥር ቁጥር አንድ ብቻ ሳተች። በማግስቱ ከሰዓት ደግሞ ጉድጓድ የሚቆፍሩ ሦስት ቻይናዎች ወረቀት ሊያስፈርሙ መጡና ባዶው አዳራሽ ጥግ ላይ ተቀምጠው እርስ በርሳቸው ማውራት ያዙ።

«ይሄኛው ቀላል ነው» አለች እማዋይሽ። «የሚሉትን አላውቅ፣ ምን ያደናግረኛል?»

አራት ተሳሳተች።

«አንድ ቃል እንኳ አልገባኝም እኮ!»

ነስራ እስክሪብቶዋን እየነከሰች አሰበች። «ትርጉሙ አይደለም ማለት ነው። ጀነሬተሩ ከጠዋት እስከ ማታ አንድ ነው። ንግግር ግን በየቅጽበቱ ይቀያየራል፤ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፣ ይቆማል። አንቺ ቁጥሩን በተርታ በውስጥሽ ስትይዢ፣ ያም በተርታ ይገባና ተርታሽን ያፈርሳል። እንደዚህ ይመስለኛል።»

አራተኛው ሳምንት አለቀ። በጸጥታ ከሃምሳ ሦስት። በወሬ መሀል ከሃምሳ አሥራ ስምንት። እማዋይሽ ደብተሩን ይዛ ወደ ዐብዲከሪም ልትሄድ ስትነሣ እሱ ራሱ ወደ አዳራሹ ገባ።

«እህሳ? ለመዱ?» አላት በሰው ፊት።

«ለምጃለሁ። ግን አልጠቀመኝም» አለችና ደብተሩን ሰጠችው።

አነበበው። ገጹን ገለጠ። መለሰው። «ይኼ የእርስዎ ነው» አለ። «ሰው ይለያያል። እኔ ብሆን…»

«ይቀመጡ» አለችው እማዋይሽ ወንበሯን እየሳበች።

ሾፌሮቹ ጨዋታ መምጣቱን ሲያውቁ ወንበራቸውን አዞሩ። ነስራ ግን ቆጣ አለች። «ዝም ካላችሁ ፈተና አይሆንም። እንደ ሁልጊዜው አውሩ።» እሷ ወደ ግቢ ወጣች። ዩኒስ የልጁን ሠርግ ካቆመበት ቀጠለ፤ ሌሎቹም ገቡበት። ዐብዲከሪም ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ፣ ግንባሩን ቋጥሮ፣ አሥሩን ቁጥር ሰማ፣ ጻፈ። ሲጨርስ ደረቱን ነፍቶ ነበር። ነስራ ገብታ አረመችው። አምስቱ ስህተት ነበር።

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ዐብዲከሪምም ሳቀ፤ ጆሮው ግን ቀላ።

«ቆይ፣ ቆይ» አለ እጁን አንሥቶ። «ይኼ ቁጥር ነው። እኔ በጫጫታ መሀል የያዝኩትን በጫጫታ መሀል ላሰማችሁ። አንዲት ፊደል ብስት የፈለጋችሁትን በሉኝ። እናንተ ወሬያችሁን ቀጥሉ።»

ዓይኑን ጨፈነና ቢስሚላሂ ብሎ የቁርኣንን ረጅሙን ሱራ መቅራት ጀመረ። ድምፁ ያምራል፤ በከተማው የሚያውቁት ያውቁለታል። ወሬውን ግን የቀጠለ የለም። ዩኒስ ቃሉን ከአፉ መለሰው። አንዱ ሾፌር ኮፍያውን አስተካከለ፤ ሌላው እግሩን ሰብሰብ አደረገ። ከወረዳ የመጡት ሽማግሌዎች አንገታቸውን ደፉ። በዚያ አዳራሽ፣ በዚያ ሰዓት፣ ከአንድ ሰው ድምፅ በቀር የሚሰማ ነገር አልነበረም። ጥቂት አንቀጾችን አልፎ ትንፋሽ ሊወስድ ሲያቆም የእማዋይሽ ስልክ ጮኸ።

ደዋዩ ከሩቅ መንደር ነው፤ በአንድ ትንፋሽ አወረደው። እማዋይሽ ዓይኗን ጨፍና ሰማች። መልሳ ነገረችው። «ሃዬ፣ ልክ ነው» አለና መስመሩ ተቆረጠ። ጻፈች።

ዐብዲከሪም ዓይኑን ከፍቶ ዙሪያውን አየ። ሁሉም ዝም ብለው እያዩት ነው።

«አውሩ አላልኩም?» አለ።

«ቁርኣን እየተቀራ?» አለ ዩኒስ፣ በእውነት ደንግጦ።

ያን ጊዜ እማዋይሽ ሰው መኖሩን ረሳችና እንደ ሰፈሩ አናገረችው። «ዐብዲ፣ ይኼን ሱራ ስንት ጊዜ ደጋገምከው?»

«እንዴት ይቆጠራል? ሁለት ዓመት በየቀኑ… ከዚያም በኋላ ዕድሜዬን ሙሉ።»

«ዐዎ የምትነግረኝ አንድ ጊዜ ነው።»

ዐብዲከሪም ከወንበሯ ተነሣ። ወደ ቢሮው ሄደ። እማዋይሽ የተቆጣ መስሏት ነበር። በማግስቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ግን አዳራሹ ሳይከፈት መጥቶ በሩ ላይ ሲጠብቃቸው አገኙት። ሌላ አሥር ቁጥር ጠየቀ። በዚያ ጸጥታ ከአሥሩ አንድ ብቻ ሳተ። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

«መምህራችን ከዱግሲ ስንወጣ ቤታችን ሄደን ብቻችንን እንድንደግም ያዝዘን ነበር» አለ። «ይኼን ረስቼው ነው። አዳራሹን ዝም ላሰኘው? ወረቀት እለጥፋለሁ፣ የሚያወራ ይውጣ እላለሁ።»

«አይሆንም» አለች እማዋይሽ። «እነዚህ ሰዎች ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ነድተው ነው የሚመጡት። የሚተነፍሱበት ቦታ ይኼ ብቻ ነው። ማውራት ጥፋት አይደለም። ቦታውን ያጣሁት እኔ ነኝ፤ እኔን አንሣኝ።»

«የት ልውሰድሽ?»

ይህን ቀድማ አስባበት ነበር። በግቢው ጀርባ አሮጌ ጎማ የተከመረበት ኮንቴይነር አለ። ቁልፉን ጠየቀችው።

«እዚያ ውስጥ ትጠበሻለሽ!»

«ጣሪያው ላይ ዳስ ይሠራበት። መስኮት ይቆረጥለት። ለቀረው እኔ አለሁ።»

ጎማውን ያወጡት ሾፌሮቹ ናቸው። መጀመሪያ ላይ አኩርፈው ነበር። «የእኛን ወሬ ሸሽታ ነው አሉ» እያሉ ሲያጉረመርሙ ሰምታ፣ ደብተሩን ይዛ መጥታ አንድ በአንድ አሳየቻቸው፤ የጀነሬተሩን፣ የቻይናዎቹን፣ የዐብዲከሪምን። በተለይ የዐብዲከሪም አምስት በጣም አስደሰታቸው። ዩኒስ ብየዳ የሚያውቅ ዘመድ አምጥቶ በሁለቱም ጎን መስኮት አስቆረጠላት፤ በላዩ ላይ ሰሌን በሰሌን ደራርበው ዳስ ጣሉ። በየካቲት መጨረሻ ሰኞ ቀን ጠረጴዛዋ ገባ።

በዚያን ዓመት የተጠበቀው ጉ፣ የበልጉ ዝናብም፣ አልመጣም፤ ጥሪው ከመቀነስ ይልቅ ባሰ። እማዋይሽና ነስራ በየሁለት ሰዓቱ እየተቀያየሩ ተቀበሉ። ነስራ ቁጥር መያዙን ከእሷ ተማረች፤ እሷ ደግሞ ከነስራ መቁጠርን። እያንዳንዱ ደዋይ የተናገረው ተመልሶ ይነገረዋል፤ እያንዳንዱም ልክ ነው ወይም ልክ አይደለም ይላል። በመጋቢት ወር ከአንድ ሺህ በላይ ጥሪ መጣ። መልሰው ሲናገሩ የተገኘ ስህተት ዘጠኝ ነበር፤ ዘጠኙም እዚያው መስመሩ ላይ ተስተካከለ። የተሳሳተ መንገድ የሄደ ቦቴ የለም። በቀን የሚስተናገደው መንደርም አርባ አምስት ደረሰ።

ሚያዝያ ላይ አንድ ከሰዓት ዐብዲከሪም ላፕቶፑን በክንዱ ይዞ የኮንቴይነሩን በር አንኳኳ። ላብ አጥምቆታል። የሩብ ዓመቱን ሪፖርት መጻፍ አለበት፤ ቢሮው ውስጥ ግን ሁለት ጸሐፊዎች ተጨምረውበት ቀኑን ሙሉ ያወራሉ።

«ጥግ ላይ ብቻ» አለ። «ትንፍሽ አልልም።»

እማዋይሽ ከመነጽሯ በላይ አየችው። ስልኩ ከፊቷ ነው።

«ሪፖርት ስትጽፍ ጮክ ብለህ ታነባለህ።»

«ማን ነገረሽ?»

«አርባ ዓመት አውቅሃለሁ ዐብዲ። ሂድ።»

በሩን ራሱ ዘግቶላት ሄደ። ስልኩ ጮኸ፤ አነሣችው።